የእትዬ ጽዳት ጠርሙስ

አንዲት እትዬ ጽዳት የሌሉበት ሰፈር የለም። የኛዋ እትዬ፣ ሳሙና ገዝተው ሲገቡ መጀመሪያ ሳሙናውን የሚያጥቡ ናቸው። እንግዳ ከተቀመጠበት ሥር ይወለውላሉ። «እግርሽን አንሺ፣ የኔ እናት» ይላሉ፤ አንዴ እግሩን ያነሳ ሰው መልሶ የሚያወርደው ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ከመጣማ ጫማውን ማስወለቁ አይበቃቸውም፣ መፍቻውንም ያሳጥቡታል።

ታናሽ እህታቸው ኩላሊቷን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ሕጉ ጠበቀ። አንሶላዋ ጠዋትና ማታ ይቀየራል። እሷም ከትራሷ ሆና «ሐኪሙ እኔን ሊያይ መጥቶ አንሶላውን አድንቆ ሄደ» እያለች ታሾፍባቸዋለች።

አንድ እሁድ እኔ ቤት ፊልም አየን። አንዲት ተራ ሴት፣ ፋብሪካ የሰፈሯን ውሃ እንደበከለ ትደርስበትና ውሃውን በጠርሙስ ይዛ ችሎት ትቆማለች። እትዬ «ጎበዝ ሴት! መጋረጃዋን ግን አየሽው?» አሉ። ከዚያ የያዙትን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጡ። የኛም የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከቆዳ ፋብሪካው በታች ነው፤ በሰፈሩ ኩላሊቱን የታመመውም እህታቸው ብቻ አይደለችም።

ብዙም ሳይቆዩ ጎረቤቱን አስተባብረው ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያቆም ከሰሱ።

የችሎቱ ቀን ጠርሙሳቸውን ይዘው ቀረቡ። ውሃው እንደ መስታወት ያበራል። የፋብሪካው ጠበቃ ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ውሃ የለም» አለ። ሰው ሳቀ።

ዳኛው «እናት፣ ከጉድጓዱ እንደወጣ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! አጥልዬ፣ አፍልቼ ነው እንጂ። እናንተ ፊት ቆሻሻ ይዤ ልቅረብ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለምርመራ የሚቀርብ ውሃ እንደተቀዳ መታሸግ አለበት። የሰው እጅ ካሻሻለው በኋላ ስለ ድስቱ እንጂ ስለ ጉድጓዱ አይመሰክርም። ዳኛው ባለሙያ ራሱ ቀድቶ እንዲመረምር አዘው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

እህትየዋ ለቀጠሮው አልደረሰችም።

ውጤቱ ሲነበብ እትዬ ጥቁር ለብሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ጉድጓዱ ተመርዟል። ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያቆም ታዘዘ፤ ሰው አጨበጨበ፣ ዳኛው ገሠጹ። ባለሙያው ከመቀመጡ በፊት አንድ ነገር ጨመረ፦ ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው፤ ይህ መርዝ ግን ቢጠለልም ቢፈላም ከውሃው አይወጣም።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«አፍልቼ ነበር እኮ የምሰጣት» አሉ። «አጥልዬ፣ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እጃቸውን ያዝኩ። ያን ያህል የሻከረ እጅ ነክቼ አላውቅም። አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ ችሎት አስከባሪው በሩን ሊዘጋ ቁልፉን እያንሿሿ እስኪመጣ ድረስ አልለቀቅኩትም።