ጎማ ሥር የተንበረከኩት ሽማግሌ

መኪናቸውን ከመንዳት ይልቅ ጎማውን ሲያሹ የሚውሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኛ ጋ፣ አሰላ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ቱሉ አሉላችሁ። በነጭ ጋዝ በነከሩት ጨርቅ ቸርኬው ላይ የተጣበቀ ሬንጅ ሲፈትጉ ዓይናቸው ፍዝዝ ይላል፤ የጭላሎ ተራራ ጉም ወርዶ ቢሸፍናቸውም አይነቁም።

እኔ ደግሞ ምን ነካኝ? የወደድኳትን ልጅ እንዲለምኑልኝ እኚህኑ ሰው ሽማግሌ አድርጌ ሳጉሬ ላክኋቸው፣ ያውም በገዛ መኪናቸው! መንገዱ ላይ ገና አስፋልት ይነጠፍ ነበር። የልጅቷ ደጅ ሲደርሱ፣ «ሬንጅ ይዤ የሰው ግቢ አልገባም!» ብለው ጎማው ሥር ተንበረከኩ። አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌዎች አፍረው ቆሙ። ማዶ ገብሱ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ጋሽ ቱሉ ይፈትጋሉ።

የልጅቷ አባት በሩን ሲከፍቱ ሽበታም ሰው ደጃቸው ላይ ተንበርክከው አዩ። ዕንባቸው መጣ። «ኧረ በፈጣሪ ይነሱ! ልጄን ሰጥቻለሁ!» አሉ።

ጋሽ ቱሉ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ይቆዩኝማ፣ ገና ሦስት ጎማ ይቀረኛል» አሏቸው።

ይኸው አገባሁ፤ አመሉም ተጋባብኝ። እሑድ ጠዋት ጎማ ሥር ተንበርክኬ ስታየኝ ሚስቴ ምን ትለኛለች?

«ደግሞ የማንን ልጅ ልትለምን ነው?»