ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ

ገመና መሸፈን እናውቅበታለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» የሚለውን ተረትማ ማን ያስተምረናል! ግን ልብ ብላችሁ እንደሆን፣ የምንተርተው ለጎረቤት ነው። የራሳችን ሲሆን መጋረጃ ፍለጋ እንሄዳለን።

የእኔ መጋረጃ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ቤቴን የሠራሁት ደብረ ታቦር፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ ዋልካ መሬት ላይ ነው። ዋልካ ታውቁት የለ፤ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። የሳሎኔም ግድግዳ አብሮት ተሰነጠቀ። እኔም በየዓመቱ ሰፋ ያለ የቀን መቁጠሪያ እየገዛሁ ስሰቅልበት ኖርሁ።

ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ክፍሎች ሊሠሩ ነው ተባለና አፈር የሚመረምር ወጣት መሐንዲስ መጣ። ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን በከረጢት ቋጠረ። ወዲያው አንድ ወሬ ተነሣ፤ መሬቱ ደካማ ነው ከተባለ ሕንፃው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። የመጨረሻ ልጄ የምትማረው ዳስ ውስጥ ነው፤ የጉና ብርድ ይገርፋታል። መሐንዲሱ ደግሞ ሥራውን ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እዚሁ መሬት ላይ ቆየት ያለ ግድግዳ አሳዩኝ፣ ጉድጓዱ ያልነገረኝን እሱ ይነግረኛል። ቅርቡ ቤት የኔው ነው።

ባለቤቴ እናኑ ጠላ ቀዳችለት፤ እኔን በዓይኗ «ብትናገር ወዮልህ» አለችኝ። እሱ ዙሪያውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ብናገር ልጄ ዳስ ውስጥ ልትቀር ነው። ብደብቅ ደግሞ ዋልካ በሚሰነጥቀው የትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር ላስቀምጣት ነው፤ እሱ ሲወድቅ የቀን መቁጠሪያ አይደግፈው። ተነሣሁና አወረድሁት። ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

መሐንዲሱ አልደነገጠም። «ጋሼ፣ በጓሮ በኩል ስመጣ እኮ አየሁት» አለኝ።

ለካ በውጭ በኩል የሰቀልሁበት ነገር የለም።

እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ሕንፃውስ ወዴት ሊሄድ ነው አልሁት። የትም አይሄድም፤ ዋልካውን ጠርገን እናወጣና መሠረቱን ከአለቱ ላይ እናስነሣዋለን አለ። እናኑ እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ እሱ እጁን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ ጥልቀቱን ለካ።

«ትምህርት ቤቱ አያሳስብዎት» አለኝ እጁን እያወጣ። «እርስዎ ግን ክረምቱ ሳይገባ ከዚህ ቤት ይውጡ።»

የቀን መቁጠሪያውን መልሼ ሰቀልሁት። ሰኔ ሁለት ወር ቀርቶታል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን እየቆጠርሁበት ነው።