ድምፅ የሌለው ፋን

ፋን አመራረጥ ላስተምራችሁ። የኮምፒውተር ፋን ማለቴ ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ እየተሽከረከረች ሙቀቱን ወደ ውጭ የምትገፋዋ። «ይሄ ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል?» ብላችሁ ፊታችሁን ካዞራችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። አሁን ግን በዚህ ጉዳይ አምቦ ላይ ከኔ የበለጠ የተቃጠለ ሰው አታገኙም። ፋን የሚገዛው ደግሞ እንዳይቃጠሉ ነበር።

ሥራዬ መተየብና መተርጎም ነው። ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ። አዲስ አበባ ካለ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ከጉደርም ከባኮም ይመጣል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ፣ አትሜ እሰጠዋለሁ። የምሠራው ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ካልናት ነው እንግዲህ። አከራዬ አንዱን ቤት በቺፕውድ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለጸጉር ቤት አከራየው። ወዲያ ማዶ መቀሱ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ። አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ብዬ አውቃለሁ፤ «ያኑርህ» የሚል መልስም በግድግዳው በኩል መጥቶልኛል።

ጸጉር ቤቱ አንድ የማይጠፋ ደንበኛ ነበረው። ጠዋት ይመጣል፣ አግዳሚው ላይ ጀርባውን ለኔ ግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ተራው ሲደርስ ለሚቀጥለው ይለቅቃል። ደግ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ሰውዬው ራሰ በራ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮ አንዲት ጸጉር የለችውም። ምኑን ሊቆረጥ እንደሚመጣ ጸጉር ቆራጩም አልጠየቀውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ያኔ የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነበር። ያኔ መቼ ነው ካላችሁኝም አልነግራችሁም፤ አምቦ ላይ እንዲህ ያለው ወቅት የት ላይ እንደጀመረና የት ላይ እንዳበቃ እኔም በደንብ አልለየሁትም።

ወደ ፋኑ ልመለስ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ናት። ስትበራ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ደንበኛው ወንበሩን አስጠግቶ በጆሮዬ ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ ጮኬ እጠይቀዋለሁ። ከብዛቱ የተነሳ መጮህ ለመደብኝ። ቤቴ ገብቼ እንኳ መቀነስ አቃተኝ። ባለቤቴን ጽጌን «ጨው አቀብይኝ» ስላት ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል። ጽጌ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የልጅ ጩኸት ሰምታ ትመጣና የኔን ትቀበላለች። አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀመጠችና ወይ ያንን ኮምፒውተር አሠራው፣ ወይ እዚያው ከሱ ጋር እደር አለችኝ።

ቶሌራ ጋ ሄድኩ። ቶሌራ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ከመጠገኑ ይልቅ ግን ማስረዳቱን ይወዳል። ትንሽ ፋን ትሮጣለች፣ ስለምትሮጥ ትጮኻለች አለኝ። ትልቁ ፋን ግን ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ይገፋል። ስለዚህ ሳጥኑ የሚችለውን ትልቁን ምረጥ። ርካሹን ተወው፤ ዘይቱ ሲደርቅ መንጫጫት ይጀምራል። ብሎኑን ጥርቅም አድርገህ ብታስር ሳጥኑ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ መሐል ላይ ላስቲክ ይግባ። ይህን ሁሉ ሲያወራ ስለ እጮኛው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ አንዱን ፋን አገናኝቶ አሳየኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። «አብራው እንጂ» አልኩት። በርቷል እኮ አለኝ።

እዚህ ላይ አዴ ወርቂቱን ላስተዋውቃችሁ፤ አዴ እማማ እንደማለት ነው፤ ታሪኩ የሳቸው ነውና። ፋኑን ከመግጠሜ በፊት በነበረው የገበያ ቀን ቅቤያቸውን ሸጠው እኔ ጋ መጡ። ወንድ ልጃቸው ተማሪ ነው። ከጉደር ሲመለስ ከመንገድ ላይ በመኪና ወሰዱት። ማን ወሰደው? አይታወቅም። የት ወሰደው? አይታወቅም። በየበሩ ሄደው ጠይቀዋል፤ ሁሉም ዘንድ መልሱ «እኛ ጋ የለም» ነው። ኮምፒውተሯ እያጓራች፣ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ ለጥፈው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ልጁን የሆነ ግቢ ሲያስገቡት ያየ ሰው አለ። ግን ሰውዬው ፈርቷል። አነጋግሬው እመጣለሁ አሉ።

እንደምታውቁት «ልጄ የት እንዳለ ይነገረኝ» የሚል አቤቱታ ብዙ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚያገኘው። ቦታውን ጠርቶ፣ አየሁ የሚል ሰው ይዞ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን አላየንም ለማለት ትንሽ ይከብዳል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ጻፍኩና ለቦታውና ለሰውዬው ስም ክፍት ትቼ ጠበቅኳቸው።

በሳምንቱ መሐል ቶሌራ አዲሶቹን ፋኖች ገጠመልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ ዝም ብዬ ኮምፒውተሯን አያት ነበር። ለካ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ድምፅ አለው።

የገበያው ቀን ደረሰ፣ አዴ ወርቂቱ መጡ። «አካም ጅርቱ?» አሉኝ። ደህና ነን ብዬ አስቀመጥኳቸው። እንደ ባለፈው ወንበራቸውን አስጠጉና አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ዘጉት። ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማሽኒን ኬሰን ዱኤ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ማሽንህ ሞተ ወይ ማለታቸው ነው።

«አልሞተም አዴ! ተሻለው እንጂ! አዲስ ፋን ነው!» አልኳቸው። በልማዴ ነው፤ ወፍጮውን እበልጣለሁ ብዬ በለመድኩት ድምፅ። ወፍጮ ግን የለም። እኔ ደግሞ በዚያው ቀጠልኩ። «ልጅዎን ሲያስገቡት ያየው ሰው እሺ አለ?»

ወዲያ ማዶ መቀሱ ቆመ። ጸጉር ቆራጩ ማበጠሪያ ሊያነሳ ይሆናል። አንዳንዴ ሰው ያስቆመዋል፣ ጸጉሩን በመስታወት ለማየት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና አዴ ወርቂቱ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጮክ ብለው፣ ለግድግዳው እንዲሰማ አድርገው፣ ያየ ሰው የለም፣ እኔ አሮጊት ነኝ የሰማሁትን አላውቅም አሉና ወጡ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣው ፍርሃቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ራሰ በራው ሰውዬ በሬ ላይ ብቅ አለ። ገብቶ አያውቅም ነበር። ቆብ እንኳ የለውም።

«እንኳን ተሻላት! ያ ድምፅ እኮ እኛንም ሊገድለን ነበር» አለኝ። ፈገግ ብሎ ሄደ።

በነጋታው ቶሌራ ጋ ሮጥኩ። የድሮዎቹን ፋኖች መልስልኝ አልኩት። አበደ። አሁን ገና ከገሃነም አውጥቼህ፣ ሰው እንዴት ብሎ መልሰህ ክተተኝ ይላል አለ። ሳጥኑን ለመክፈት ክፍሌ ሲመጣ ግን ግድግዳውን አየ፣ መቀሱን ሰማ፣ እኔን አየ። ያ ሁሉ ወሬኛ አንዲት ቃል አልተናገረም። የድሮዎቹን ፋኖች ገጠመ። ላስቲኩን አወጣው። ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ኮምፒውተሯን ሲያበራት ጠረጴዛው አብሮ ተንቀጠቀጠ።

በጸጥታው ሸሽተው የነበሩት ደንበኞቼ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ወንበራቸውን አስጠግተው ያወሩኛል። ጽጌም ነገሩን ከነገርኳት ወዲህ በጩኸቴ ተናግራኝ አታውቅም። የምጠብቀው ግን አዴ ወርቂቱን ነበር። በየገበያው ቀን በሬን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፣ ድምፁ መንገድ ድረስ እንዲሰማ።

መጡ እኮ! ከብዙ ጊዜ በኋላ መጡ። ከስተዋል። በሩ ላይ ቆመው ጩኸቱን አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገብተው ተቀመጡ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ክፍቱ ቦታ ላይ ጠበቅኩ። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ጉርባ ኮ…» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጥላ በሩን ሞላው። ራሰ በራው ነው። በእጁ ካርቶን ይዟል፣ አዲስ፣ ያልተከፈተ።

«መልሶ ታመመብህ አይደል? እኔ እኮ እሰማለሁ» አለኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ነበር፣ ላንተ ብዬ ፋን ገዛሁልህ፣ ከሁሉም ድምፅ የሌለው እሱ ነው አሉኝ አለ። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወደ አዴ ወርቂቱ ዞሮ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። እንዴት ያለ ጨዋ ሰላምታ! ጤናቸውን፣ ከብቱን፣ ልጆቹን ጠየቃቸው።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አሉ አዴ ወርቂቱ። ነጠላቸውን አጣፉ። ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ልጁም እስካሁን አልተገኘም። በየበሩ አሁንም እንደሚጠይቁ ከገበያ የመጡ ሰዎች ይነግሩኛል። የጻፍኩላቸው አቤቱታ ኮምፒውተሯ ውስጥ አለ፣ ክፍት ቦታውም እንደተከፈተ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ይሄው። ፋን ስትመርጡ ትልቅ ይሁን፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ይሁን፣ ላስቲኩን አትርሱ። ካርቶኑን እኔ ጋ መጥታችሁ መውሰድም ትችላላችሁ፣ አልከፈትኩትም። ብቻ ከሁሉ በፊት ከግድግዳው ወዲያ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ጸጉር እንዳለው እዩ።