ኪኒኑ ያልወሰደው ክብደት

እኛ ጋ ሰው ከሳ ማለት አገር ሁሉ ሐኪም ሆነ ማለት ነው። ሲወፍርማ ምን ችግር አለ፤ «ተመችቶሻል» ይባልና ይታለፋል። ትንሽ ቀነስ ያላችሁ ቀን ግን ጉድ ፈላ። አንዷ ጨጓራ ነው ትላለች፣ አንዷ ስኳር ነው ትላለች፣ ሌላዋ ደግሞ ምንም ሳትል ትክ ብላ ታያችሁና ከንፈሯን ትመጥጣለች። የምትፈራው ይቺኛዋ ናት።

እኔ እንደሆነ ከወለድኩ ወዲህ ሁሉ ነገር የሚያስደነግጠኝ ሴት ሆኛለሁ። ልጄ ስታስነጥስ እደነግጣለሁ፤ ሳታስነጥስ ስትቀር ደግሞ ምን ሆና ዝም አለች ብዬ እደነግጣለሁ። ባሌ «አንቺ ደህና አደርሽ ቢሉሽም ምን ሰምተው ነው ትያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው። እንግዲህ እናቴ ስልክ ደውላ «ኪኒኑን ተውኩት» ስትለኝ ምን እንደሆንኩ እናንተው ገምቱ።

እናቴ ሸዋዬ ጊንጪ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። የቅቤ ነጋዴ ሰውነቷ ታፔላዋ ነው። ገዢ ቅቤውን በጥፍሩ ቆንጠር አድርጎ ከመቅመሱ በፊት ሻጯን ያያታል። ጉንጯ ሞላ፣ አንገቷ ደርበብ ያለ ከሆነ ቅቤው ሙዝ አልተቀላቀለበትም ብሎ ያምናል። የእናቴን ጉንጭ አይተው ሳይቀምሱ የሚገዙ ነበሩ።

ታዲያ አምና ድካም ድካም ሲላት ደሟ ታየና ኮሌስትሮል በዝቷል ተባለ። ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጣት። ጥቂት ወራት እንደዋጠች ጉንጯ ጎደለ። በገበያ አጠገቧ የምትቀመጠው ጫልቱ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ሸዋዬ፣ ማል ታቴ? ምን ነካሽ? አንቺ ያልበላሽውን ቅቤ ማን ይገዛሻል?»

«የስብ ኪኒን ነው የምውጠው። እያቀለጠኝ ነው መሰለኝ።»

«ተይው በያ። ንግድሽንም አብሮ ሊያቀልጠው ነው።»

ተወችው። አለቀ።

አባቴ ከገበያ ደህና ገብቶ፣ ደረቴን ብሎ፣ እንደተቀመጠ ነው የሞተብን። የቀረችኝ እሷ ናት። ጊንጪ ከአምቦ ሩቅ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፣ ለመንገደኛ። ልጅ ለታቀፈች፣ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ወይ ብላ ለምትጠይቅ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ለምትጠብቅ ግን ሩቅ ነው። አግብቼ አምቦ ከገባሁ ጀምሮ የናፈቀኝ ሌላ ምንም አይደለም፤ ጠዋት ስነሳ ጓዳ ውስጥ ስታስል መስማት ነው። ሳል ይናፍቃል? ይናፍቃል።

በነጋታው ልጄን አዝዬ ሄድኩና ይዣት መጣሁ። አምቦ ያየን ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው። ሳቅ እያለ፣ «ማዘር፣ ይሄ ኪኒን ደም ውስጥ ያለውን ስብ ነው የሚቀንሰው። ሰው አያከሳም» አላት። ቀጠለና «ትናንት ራት ምን በሉ?» አላት።

«ዳቦ በሻይ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እሱኑ።»

«ወጥ አይሠሩም?»

እናቴ እንደ ሞኝ አየችው። «ለአንድ ሰው ማን ድስት ይጥዳል?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የልጄን ካልሲ ማስተካከል ጀመርኩ፤ ካልሲው ምንም አልሆነም ነበር።

እኔ ጋ ከረመች። ቅቤውን ቀንሰን፣ ሽሮውንም ምስሩንም ከአንድ ትሪ ስንበላ፣ ከራት በኋላ ኪኒኗን ሳላስታውሳት ትውጣለች። ጉንጯ ተመለሰ። ለክትትል ስንሄድ ደሟ ጥሩ ሆኗል ተባለ፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ያ ልጅ እግር ፊቱን አኮሳተረ።

«ማዘር፣ ክብደት ጨምረዋል። ትንሽ መቀነስ አለብዎት።»

«ኪኒኑ ይሆን ያወፈረኝ?»

«ኧረ ኪኒኑን አያሙት እባክዎ!»

«እንግዲያ መቀነሱ ቀላል ነው፤ ቤቴ መግባት ነው» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጓዟን ማታውን አስራ እንዳደረች አይቻለሁ። ደንበኛ ይጠፋብኛል ብላ ሄደች። ጫልቱ ገና ስታያት «ይሄ ኪኒን ኋላ ተስማማሽ ማለት ነው፤ ለእኔም ጠይቂልኝ» አለቻት አሉ። እናቴም «የኪኒን አይደለም፣ የልጄ ቤት ራት ነው» ብትላት፣ «እሱስ የት ይሸጣል?» ብላ አረፈችው።

አሁን ራት ሲቀርብ እደውልላታለሁ። ስልኩን ላውድ አድርጌ ትሪው ዳር አቆመዋለሁ፤ እሷም እዚያ እንደዚሁ። ዳቦ በሻይ በላሁ ማለት ስለሚያሳፍራት ድስት መጣድ ጀምራለች። ብዙ አናወራም። ስታኝክ ይሰማኛል። በመጨረሻ ኪኒኗን ልትውጥ ውሃ ስትቀዳ ይሰማኛል፤ ያኔ ነው እኔም ትሪውን የማነሳው።

ልጄ ደግሞ የአያቷን ድምፅ በሰማች ቁጥር በትንሽ እጇ ጠቅልላ ስልኩን ታጎርሰዋለች። ድምፅ ማውጫው ሁሉ ሽሮ በሽሮ ሆኗል። ባሌ ይሄ ስልክ ሊበላሽ ነው ይለኛል።

ይበላሽ።