«ወጣ?» የሚሉት ወይዘሮ ዶርቃ

አዲስ አበባ ውስጥ ታሞ የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ታሞ ተኝቶ ወይዘሮ ዶርቃ ያልጠየቁት ሰው ግን አለ ብዬ አላምንም። በእናንተ ሠፈር ስማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። በእጃቸው የያዙት ፔርሙስና ገና በሩን ሳያልፉ የሚጀምሩት ጥያቄ ግን የትም አንድ ነው። ለእኛ ለመሪ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ዶርቃ ናቸው፤ የሕሙማን ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የሐኪም ቤት አልጋዎች ዋና ተቆጣጣሪ።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅኩት አንጀቴ ተጠማዞ ነው። ሆዴን ቀደው፣ የሞተውን አንጀት ቆርጠው ጣሉና የተረፈውን ሰፉት። ስነቃ ዶክተር በአምላክ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እኛ የድርሻችንን ጨርሰናል» አለኝ። «አሁን አንጀትህ ሥራ እስኪጀምር ነው የምንጠብቀው። አየር እስኪወጣ ድረስ ምግብ የለም፣ ውኃም የለም።»

ሐኪሞች በጨዋ ደንብ «አየር» ይሉታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ልጅ ሆኜ ሰው ፊት እንዳያመልጠኝ እየተቆነጠጥኩ ያደግኩበትን ነገር፣ አሁን ስንት ዓመት የተማረ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ይለምነኛል። እሱ ግን አልመጣም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በአፍንጫዬ የገባው ቱቦ አረንጓዴ ነገር ይስባል። ዶክተሩ ማዳመጫውን ሆዴ ላይ ያሳርፍና ያዳምጣል፤ ካርዴ ላይ ጫር አድርጎ ይሄዳል። የጎኔ አልጋ ባዶ ነበር፤ ባለቤቱ ድኖ ይሁን ሞቶ ለመጠየቅ ፈራሁ። በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ ይታየኛል። እዚያ ላይ ያ ሁሉ ንፋስ በከንቱ እየነፈሰ እኔ ትንሽ አየር አጥቼ ልሞት ነው እያልኩ አለቅስ ነበር።

ወይዘሮ ዶርቃ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ወጣ?» አሉ ከበሩ ላይ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«አየሩ ነዋ።»

አልወጣም አልኳቸው። ወደ ኃላፊዬ ዞረው «አልወጣለትም» ብለው በይፋ አስታወቁት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን አስታወቁ። በማግስቱ ጉዳዬን ያልሰማ አልነበረም። ሾላ ገበያ የገብስ ዱቄት የሸጠላቸው ነጋዴ እንኳን «እግዜር ያውጣለት» ብሎ በሳቸው በኩል መልእክት ልኮልኛል።

ዱቄቱ ለአጥሚት ነበር። ውኃ እንኳን እንደተከለከልኩ ሲነገራቸው አልደነገጡም። «እንግዲያው ጠያቂዎቹ ይጠጡት፤ እሱ ሽታው ይድረሰው» ብለው ለኃላፊዬ ቀዱለት። እኔ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ እሱ ሁለተኛ አስደገመ። ማር እንዳለበትም ነገረኝ።

ማጽናኛቸው ደግሞ የባሰ ነው። «አይዞህ፣ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ» ይላሉ። አንድ የሚያውቁት ሰው ሆዱ ከእኔ ሆድ ይበልጥ ተነፍቶ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳቸው፣ ተስፋ ቢኖረው ብዬ።

«ከዚያማ ሞተ» አሉና ፔርሙሱን ከደኑ።

እሳቸውን እንድታስቀርልኝ ነፃነት የምትባለውን ነርስ ለመንኳት። «ሞክረን ነበር» አለችኝ። «በር ላይ ያለው ዘበኛ እህቱ ስትወልድ ገንፎ ይዘው የጠየቋት እሳቸው ናቸው። ማን ያስቁማቸው?» እኔም በየቀኑ አምላኬን ሁለት ነገር ስለምን ሰነበትኩ፤ አየሩ እንዲወጣ፣ ወይዘሮ ዶርቃ እንዳይገቡ። ሁለቱንም አልሰማኝም።

አንድ እሑድ ጠዋት ዶክተር በአምላክ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አዳመጠኝ። «እስከ ነገ ካልወጣ እንደገና መክፈት ሊኖርብን ነው» አለ። ባለቤቴ ጵርስቅላ ፊቷን ይዛ ወደ ኮሪደር ወጣች። እኔም አወቅኩት። ሁለተኛ ከተቀደድኩ ከዚያ ጠረጴዛ አልነሣም።

እሑድ ስለነበር ከቀትር በኋላ ክፍሉ ሞላ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ የዕድሩ ሰዎች፣ ኃላፊዬ። ባዶው አልጋ ላይ ሳይቀር ተደርድረው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ በጠያቂ ደንብ ዝም ብለው ያዩኛል። ይህን ጊዜ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አንጀቴ አጉረመረመና ወደ ታች ይወርድ ጀመር።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ያዝኩት። የልጆቼ አባት፣ ነገ ሊቀደድ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው፣ ሽማግሌ ፊት አላደርገውም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ስፌቴ ተወጠረ፣ ላብ አጠመቀኝ። ስይዘው ሕይወቴን እየያዝኩ እንደሆነ ይገባኛል። ግን መልቀቅ አቃተኝ።

ወይዘሮ ዶርቃ ፊቴን አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቁም። ብድግ አሉ።

«ተነሡ። ኮሪደር ወጥተን እንጸልይለት።»

«እዚሁ እጅ ጭነን ብንጸልይ አይሻልም?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እጅ አይደለም ያነሰው። ውጡ አልኩ።»

ከበሽተኛ ክፍል ቀድመው ወጥተው የማያውቁት ሴት ሁሉንም እየነዱ አወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተመልሰው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ዋቅጅራዬ እንደ አንተ ተቀዶ ነበር» አሉኝ። ባላቸው እንደሞቱ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሞቱ ግን ነግረውኝ አያውቁም። «ክፍሉን ጠያቂ ሞልቶት አፍሮ ያዘው። እኔም ሰው ምን ይለኛል ብዬ አልጠየቅኩትም። ሐኪሞቹ በዚያ አይደለም የሞተው ይላሉ። እኔ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ። ያው ፊት ነው አሁን አንተ ላይ ያለው። ልቀቀው፣ ልጄ።»

በሩን ዘግተው ወጡ። ወዲያው ከውጭ መዝሙር ተነሣ። ወይዘሮ ዶርቃ ድምፃቸው ለመዝሙር የተሰጠ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ሆን ብለው ጮኹ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ፣ ጭብጨባው በሩን አንቀጠቀጠው። በኋላ እንደሰማሁት ነፃነት ልትቆጣቸው መጥታ «ትንሽ ከፍ አድርጊ» ተብላ አብራ ዘምራለች። በዚያ መዝሙር ተከልዬ ለቀቅኩት። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ቤተሰብ ያነበዋል። ረጅም ነበር። እኔም ትራሴን ይዤ አለቀስኩ።

መዝሙሩ አለቀ። በሩ ገርበብ አለ።

«ወጣ?»

«ወጣ፣ እትዬ።»

ኮሪደሩ በእልልታ ተናጋ። ኃላፊዬም እልል ሲል ሰምቼዋለሁ። ሌሎቹ ጵርስቅላን አቅፈው ሲላቀሱ ወይዘሮ ዶርቃ ብቻቸውን ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ለእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ማጽናናት አልችልበትም። እሳቸው እንደሚያጽናኑት እንዳላጽናናቸው ደግሞ ፈራሁ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ነገ ይመጣሉ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጠረጉ።

«መምጣቴማ አይቀርም» አሉ። «ዛሬ የጠየቅኩህ አየሩን ነው፤ ነገ ዋናውን ነው የምጠይቅህ።»