ጋሽ አልበሰለም እና የፓርኩ ዕድሜ

ዳቦ ጋጋሪው በየማለዳው ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ይገለብጥና ሆዱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። እንደ ከበሮ ድም ካለ በስሏል፤ ዝም ካለ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ሠራተኞቹ ትንፋሻቸውን፣ ከመስኮቱ ወዲያ የተሰለፉት ደንበኞች ደግሞ ምራቃቸውን ይውጣሉ። እሱ አይቸኩልም። «ሁሉም በጊዜው» ይላል፣ ለዳቦው ይሁን ለሰዎቹ ሳይለይ።

ጊዜው ሳይደርስ ምንም የማያስነካ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ ያረጃል። ሐብሐብ እሱ ካላዳመጠው አይቆረጥም፤ ለደህና ቀን የተቀመጠ ሽቶ ጠርሙሱ ውስጥ ተንኖ ያልቃል። ሰፈሩ ለዳቦ ጋጋሪው «ጋሽ አልበሰለም» የሚል ስም ያወጣለት በክፋት አይደለም፤ የተሻለ ስም ተፈልጎ ስላልተገኘ ነው። በፊቱ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትናደድ።

ሚስቱ ባንኮኒው ላይ ቆማ ዳቦ ትሸጣለች። ትዳራቸው ሰላማዊ ነው። የሚጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አንዲት ልጃቸው መዝናኛ ፓርክ የምትሄድበት ትክክለኛ ዕድሜ።

ፓርኩ የተከፈተው ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው። እናት «እንውሰዳት» አለች። ክቡርነታቸው ጋሽ አልበሰለም የዱቄት እጃቸውን አራገፉና ብይን ሰጡ።

«ምን ታስታውሳለች? በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።»

በአራት ዓመቷ ብይኑ ተሻሻለ።

«ትፈራለች። አሁን ከፈራች ዕድሜዋን ሙሉ ከፍ ያለ ቦታ አትወጣም።»

«ምን ልታደርጋት ነው፣ የሕንፃ ቀለም ቀቢ?»

«ሁሉም በጊዜው።»

ቀጥሎ ጉንፋን ያዛት፤ ጉንፋኑ ከለቀቃት በኋላም «ገና አልጠናችም» ተብሎ ብዙ ወር አለፈ። ከዚያ ጥርሷ ወለቀ። «ድዷን እያሳየች ፎቶ ልትነሳ ነው? ይብቀልላት እንጂ።» አንዱ ሲበቅል ሌላው ይወልቃልና ጋሽ አልበሰለም በልጁ አፍ ተመርኩዞ ጊዜውን ገፋው።

ነገሩ የሰለቻት ፀጉር ሠሪ እህቱ ናት። «ወንድሜን ስንጠብቅ ልጅቷ ትዳር ትይዛለች» አለችና አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እሱ እንደ ጋጋሪ ሁሉ ዳቦ ቤቱ ጓዳ ውስጥ የሌሊቱን እንቅልፍ በቀን ሲተኛ፣ እናትና ልጅን ይዛ ሄደች። አንዴ ብቻ ተብሎ ነበር። «አንዴ ብቻ» ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ቁራሽ ነው፤ ሌላውን ይጠራል። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከፓርኩ ባቡር ወንበሮች የትኛው እንደሚንቋቋ እንኳ ለየች። አባት የሚያውቀው ልጁ አክስቷ ዘንድ ፀጉሯን ልትሠራ መሄዷን ነው። ተበጥሮ የሄደ ፀጉር ተንጨባሮ ሲመለስ እያየ «እህቴ ሙያዋን ረስታለች» ይል ነበር።

እናት በዚህ ስትስቅ ከረመች። ሳቋ የቆመው አንድ ቀን ሊጥ ሲያቦካ ያለ ልማዱ ባወራት ነገር ነው።

«ትንሽ ሳለሁ አባቴ ሰርከስ ወስዶኝ ነበር አሉ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ። ዘመድ ሁሉ ያወራዋል። አባትህ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም ይሉኛል። እኔ ግን የለሁበትም፤ አንዲት ነገር አላስታውስም። እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖረ።» ሊጡን ገለበጠው። «የሷን የመጀመሪያ ቀን እሷም እንድታስታውሰው ነው የምፈልገው። አብሬያት መኖሬን።»

እናት የዳቦ ቅርጫቱን እንደያዘች ቀረች። የመጀመሪያው ቀን ካለፈ ከርሟል፤ አባት ደግሞ አልነበረበትም። ይህን ከሚሰማ ሌላ ምንም ቢመጣ ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲያ የእሷና የአክስት ሥራ ያለፈውን ቀን ገና ያልመጣ ማስመሰል ሆነ።

ልጅቷ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ጋሽ አልበሰለም አዞራትና ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። «ደርሳለች» አለ። «እሑድ እንሄዳለን።»

ልምምዱ የተካሄደው ፀጉር ቤቱ መስታወት ፊት ነው።

«ሰው አሳፍሮ የሚዞረውን ትልቁን ጎማ ስታዪ አፍሽን ክፈቺ» አለች አክስት። ልጅቷ ከፈተች። «ይህን ያህል አይደለም፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አይደለም የምትሄጂው።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ውሸት አይደለም፣ ስጦታ ነው» አለች እናት፣ ራሷም ሳታምነው።

እሑድ አባት ለደህና ቀን ያስቀመጠውን ኮት ለበሰ። ልጅቷ በሩ ላይ አፏን በልኩ ከፈተች። ትኬት ቆራጩ ግን ልምምዱ ላይ አልነበረም።

«ደንበኛዬ፣ ጠፋሽ» አላት።

አክስትን ሳል ያዛት። አባት ግን «ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ ሁሉንም ደንበኛ ይላል» ብሎ ደስ አለው። ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠው ባቡር ዘንድ ሲደርሱም ልጁ አለመፍራቷን አይቶ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አየሽ? በአራት ዓመቷ ቢሆን ታለቅስ ነበር። ዕድሜዋ ይኸው ነው።»

«አንተ መቼ ትሳሳታለህ» አለች ሚስቱ።

አባትና ልጅ ከፊት፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተቀመጡ። ባቡሩ እየተጎተተ ወጣና አናቱ ላይ ለአፍታ ቆመ። ብረቱን የያዙት የአባት ጣቶች ዱቄት መስለዋል። ልጅቷ ክንዱን ያዘችው።

«አባዬ፣ አሁን ሲወርድ ዓይንህን አትጨፍን። እኔ የጨፈንኩ ቀን ሆዴ ተገለባብጦ ነበር።»

ባቡሩ ወረደ። ከኋላ እናት ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፍታውን ፈርታ ግን አይደለም።

ሲወርዱ አባት ኮቱን ለረጅም ጊዜ አስተካከለ። አክስት ጫማዋን መመርመር ጀመረች። እናት ባሏን አየችው። ይህ ሰው ሲከፋው እንደማይጮህ ታውቃለች፤ ዝም ብሎ ወደ ቤት ይሄዳል።

«ያልጨፈንሽ ቀንስ?» ሲል ልጁን ጠየቃት።

ልጅቷ እናቷን አየች። እናት «ንገሪው» በሚል አንገቷን ነቀነቀች።

«ያልጨፈንኩ ቀን ዳቦ ቤታችን ይታያል። ጭስ ማውጫውም። አንተ እዚያ ስለሆንክ እጄን አውለበልብልሃለሁ።»

«መቼ ነው ያውለበለብሽልኝ?»

«በመጣሁ ቁጥር።»

ጋሽ አልበሰለም ወደ ሰማይ አንጋጦ ባቡሩ ለአፍታ የቆመበትን አናት አየ። «ተኝቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ እህቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ወደ ልጁም ጎንበስ አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ቀጥሎ የቱ ይሻላል?»

«ተጋጪ መኪና። ግን አንተ ንዳ። አክስቴ ስትነዳ ግንቡን ብቻ ነው የምትመታው።»

«ስም አታጥፊ» አለች አክስት።

ሰልፉ አጭር ነበር። አባትና ልጅ ቀዩ ላይ፣ እናትና አክስት ሰማያዊው ላይ ተቀመጡ። ደወሉ እንደተደወለ መጀመሪያ የተመታው ሰማያዊው ነው።