ሰንደል ይዘው የሚጠይቁት ወይዘሮ

ሐኪም የሌለበት አገር ሞልቷል፤ የበሽተኛ ጠያቂ የሌለበት ግን ገና አልተፈጠረም። ከጠያቂዎቹም መካከል አንዷ፣ በዚያው በሽታ የሞቱትን ሁሉ በየስማቸው ሳታነሳ አትወጣም። ደባርቅ ይህን ማዕረግ ለክቡርነታቸው ለወይዘሮ ይታይሽ ሰጥታለች።

ክቡርነታቸው ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ከሸሀቡ ሱቅ የገዙትን ሰንደል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ቀጭኗን እንጨት ይለኩሱና ነበልባሏን እፍ ብለው ከራስጌ በኩል ከግድግዳው ስንጥቅ ይሰኳታል። ከዚያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ይጀምራሉ።

በቅሎ ነጂው ያየህ፣ እንግዶችን ተራራው ላይ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ አድርሶ ሲመለስ ተስቦ ጣለው። በመጀመሪያው ቀን የሰማው ይህንን ነው፦

«አይዞህ ልጄ! ደምለውም ልክ እንዳንተ ነበር ያደረገው። ነፍሱን ይማረውና።»

«ኧረ እትዬ!» አለች ሚስቱ አገርነሽ።

«ምን አልኩ? አይዞህ ነው ያልኩት።» ወደ ያየህ ጎንበስ አሉ። «ሰንደሉ ይሸትሃል?»

«አይሸተኝም።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። በእሳቸው ሕግ ሰንደል የሸተተው በሽተኛ ይድናል። ያልሸተተውን በተመለከተ ከንፈር መምጠጡ ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ያየህን ከትኩሳቱ ይልቅ አፍንጫው ያስፈራው ጀመር። ሰው ሲወጣለት ፊቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያነፈንፋል። ምንም! በአራተኛው ቀን፣ ገና ሳይጠየቅ፣ «ዛሬስ ሸተተኝ!» አለ።

«ገና አልለኮስኩትም» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «የዳባቱ ያርጋልም እንዲሁ ዋሽቶ ነበር። እሱንም ነፍሱን ይማረው።»

በስድስተኛው ቀን ግን የሆነ ነገር መጣ። ዕጣን እንደ ጭቃ ሹም በሩን በርግዶ ይገባል፤ ሰንደል ግን እንደ አዲስ አማች ጥግ ጥጉን ይዞ ነው የሚገባው። መጀመሪያ በፀሐይ የደረቀ እንጨት ሸተተ። ቀጥሎ የሞቀ ወተት። ቀጥሎ ጋቢውም ትራሱም የቤቱ ጭቃም ጭምር ሸተቱ። ዓለም ለካ ይህን ያህል ሽታ ነበራት! ያየህ ተገረመ፤ ወዲያውም ራሱን ፈለጠው።

«ኧረ እትዬ፣ አጥፉልኝ! አፈነኝ!»

ወይዘሮ ይታይሽ ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ያንተንም ስም ለሌላ በሽተኛ ልነግር ነው ብዬ... ተመስገን!»

ያየህ ዳነ። እህል ቀመሰ፤ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ወይዘሮዋ ዝር አላሉም።

«እትዬ ይታይሽ አሟቸው ይሆን?» አለ በመጨረሻ።

«ደኅና ናቸው። ጎረቤታችንን ውዱን እየጠየቁ ነው፤ እግሩ ተሰብሮ» አለች አገርነሽ።

«እግር ደግሞ በሽታ ነው?» ያየህ በቀትር ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ላይ ወጣ። «ሂጂና አገርሽቶበታል በያቸው።»